ከውኃ በታች ያለው ክንፍ፦ በጋራዥ ውስጥ ለሚሠራ የእሽቅድምድም ጀልባ ኪል መንደፍ

በጣና ሐይቅ ላይ በደንገል ታንኳ የሚጓዝን ሰው በቅርብ የተመለከተ፣ የታንኳዋ ሆድ ጠፍጣፋ መሆኑን ልብ ሳይል አይቀርም። ከሆዷ ሥር ወደ ውኃው የሚወርድ ምንም ዐይነት አካል የላትም፤ አያስፈልጋትምም። ታንከኛው ዘንጉን ወይም መቅዘፊያውን ወደ ኋላ ሲገፋ ታንኳዋ ወደ ፊት ትሄዳለች፤ ኃይሉና ጉዞው በአንድ መሥመር ላይ ናቸውና። በሸራ የሚጓዝ ጀልባ ግን እንዲህ ያለ ምቾት የለውም። ነፋስ የሚነፍሰው ራሱ ወደ ፈለገበት እንጂ ባለ ጀልባው ወደሚፈልግበት አይደለም። ይህን ግትር ነፋስ አግባብቶ፣ አልፎ ተርፎም ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በሰያፍ ለመጓዝ የሚያስችለው፣ ከጀልባው ሆድ ሥር ወደ ውኃው የሚወርደውና ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የማይታየው ክንፍ ነው። መርከበኞች ኪል ይሉታል።

በዚህ ጽሑፍ የኪልን ፊዚክስ ከአንድ እውነተኛ ሥራ ጋር አያይዘን ለማቅረብ እንሞክራለን። ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በፈረንሳይ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በብሬታኝ፣ በነበርንባቸው ዓመታት አንድ አናጢ ጎረቤት ነበረን። ይህ ሰው በጋራዡ ውስጥ 6.5 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ ሸራ ጀልባ ይሠራ ነበር። መኪናው ለሦስት ዓመታት ደጅ አድራለች። አንድ ቀን አጥር ተሻግሮ መጣና፣ «ፊዚክስ ያጠናሉ አሉ፤ እንግዲያው ኪሉን አብረን እናስላው» አለን። ጀልባውን የሚሠራው ብቻውን አትላንቲክን ሊሻገርበት ስለነበረ ግብዣው እንደ ቀልድ የሚታይ አልነበረም።

የዚህ መጠን ጀልባዎች የራሳቸው ውድድር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ቦብ ሳልመን የተባለ እንግሊዛዊ፣ በጊዜው የነበሩት የውቅያኖስ ውድድሮች በትልልቅ ጀልባዎችና በብዙ ገንዘብ መያዛቸውን ተቃውሞ፣ ከ6.5 ሜትር በማይበልጥ ጀልባ ለሚጓዙ ብቸኛ መርከበኞች ሚኒ ትራንሳትን አዘጋጀ። የመጀመሪያው ጉዞ ከእንግሊዝ ፔንዛንስ ተነሥቶ በቴነሪፍ በኩል እስከ አንቲጓ ነበር። ውድድሩ ዛሬም በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል፤ መነሻው ፈረንሳይ ሲሆን በሁለት ምዕራፍ ተከፍሎ ወደ 4,000 የባሕር ማይል ይሸፍናል። የክፍሉ ደንብ ከርዝመቱ ሌላ ወርዱ ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ከዚያ ውጪ ለሙከራ ጀልባዎች ሰፊ ነፃነት ይሰጣል። ስለዚህም በጋራዥና በበረት ውስጥ የሚሠሩ ጀልባዎች ከታወቁ የጀልባ ሠሪዎች ሥራ ጋር ጎን ለጎን ሲወዳደሩ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 ያሸነፈው ዳቪድ ሬዞን፣ አፍንጫዋ እንደ ማንኪያ የደነደነች ጀልባውን የነደፈውም የሠራውም ራሱ ነበር።

የሎሚ ፍሬና ሁለት ጣቶች

እርጥብ የሎሚ ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ብንጫን ፍሬው ተፈትልኮ ወደ ፊት ይወረወራል። ሁለቱም ጣቶች የሚገፉት ከጎን ነው፤ ፍሬው ግን የሚሄደው ሁለቱም ወዳልገፉበት አቅጣጫ ነው። የሸራ ጀልባ ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ነፋሱ በሸራው ላይ የሚያሳርፈው ኃይል አብዛኛው ወደ ጎን፣ ጥቂቱ ወደ ፊት ነው። ኪሉ የጎኑን ድርሻ በውኃ ውስጥ ሆኖ ሲመልሰው ለጀልባው የሚቀረው የፊቱ ብቻ ይሆናል።

ኪሉ ይህን የሚያደርገው ግን እንደ ግድግዳ ቆሞ በመከልከል አይደለም። እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይሠራል። ጀልባው በትክክል አፍንጫው ወዳመለከተበት አይጓዝም፤ በጥቂት ዲግሪ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት ውኃው ኪሉን በትንሽ ማዕዘን ያገኘዋል። በአንዱ ገጽ ላይ ግፊት ይጨምራል፣ በሌላው ይቀንሳል፣ ልዩነቱም ኪሉን ወደ ነፋሱ ወገን ይገፋዋል። የአውሮፕላን ክንፍ ወደ ላይ የሚያነሣበት ኃይል እዚህ በጎኑ ተኝቶ ይገኛል ማለት ነው። መንሸራተት ከሌለ ይህ ኃይል የለም፤ ስለዚህ «ምንም የማይንሸራተት ጀልባ እሠራለሁ» የሚል ነዳፊ ካለ የሚመኘውን ነገር በቅጡ አልተረዳውም።

ጀልባው ነፋሱን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ስለሚቀበል የኪሉ ሁለት ገጾች አንድ ዐይነት መሆን አለባቸው። ጎረቤታችን የመረጠው ናካ 0012 የሚባለውን ቅርጽ ነበር። ናካ እ.ኤ.አ. በ1915 የተቋቋመው የአሜሪካ የበረራ ጥናት ኮሚቴ ነው፤ በ1958 ናሳ የተተካው በእርሱ ቦታ ነው። በቁጥሩ መጨረሻ ያለው 12 የክንፉ ውፍረት ከወርዱ 12 በመቶ መሆኑን ያመለክታል። ለአውሮፕላን ተብሎ በነፋስ ዋሻ የተፈተነ ቅርጽ በአናጢ መላጊያ፣ በስቱኮና በብርጭቆ ወረቀት የጀልባ ኪል ሲሆን ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ በላቦራቶሪ ከምንሠራው ሥራ ይልቅ ደስ አሰኝቶን ነበር።

ስንት ካሬ ሜትር?

የመጀመሪያው ጥያቄ የኪሉ ስፋት ነው። ጀልባው ከነሰውየውና ከነዕቃው 1,000 ኪሎግራም ይመዝናል እንበል። በ20 ዲግሪ ሲያዘነብል የመመለሻ ክንዱ፣ ማለትም በክብደቱና በውኃው ተንሳፋፊ ኃይል መካከል ያለው አግድም ርቀት፣ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። 9,800 ኒውተንን በ0.5 ሜትር ስናባዛ 4,900 ኒውተን-ሜትር እናገኛለን። ይህን ያህል ጥምዘት የሚፈጥረው፣ ከላይ ሸራውን ወደ ጎን የሚገፋው የነፋስ ኃይልና ከታች ኪሉን የሚይዘው የውኃ ኃይል ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 5 ሜትር ቢሆን የጎኑ ኃይል 1,000 ኒውተን ያህል ይሆናል። የጀልባው ሆድና የኋላ መሪው ሲሶ ገደማ ቢሸከሙ ለኪሉ 700 ኒውተን ይተርፋል።

ጀልባው በሰከንድ 2.5 ሜትር፣ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፣ ሲጓዝ የውኃው የእንቅስቃሴ ግፊት በካሬ ሜትር 3,200 ኒውተን ይሆናል። ጎረቤታችን ያሰበው ኪል ከሆዱ ወደ ታች 1.3 ሜትር የሚወርድ፣ ወርዱ ከላይ እስከ ታች 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነበር፤ ስፋቱ 0.585 ካሬ ሜትር። ሆዱ ለኪሉ እንደ መስተዋት ስለሚሆንለት ኪሉ ከእውነተኛ ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ክንፍ ይመስል ይሠራል። በዚህ ሁሉ ስናሰላ 700 ኒውተኑን ለማግኘት 4.6 ዲግሪ መንሸራተት ይበቃል። መልካም ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ጎረቤታችን ብልህ የመሰለውን ሐሳብ አመጣ። «ወርዱን በግማሽ ብንቀንሰውስ? ውኃ የሚዳስሰው ገጽ በግማሽ ይቀንሳል፤ ሰበቃም በግማሽ»። በሙሉ ፍጥነት ላይ ሐሳቡ ስሕተት አይደለም። ሰበቃው ከ14 ኒውተን ወደ 7 ይወርዳል። የሚገርመው ደግሞ ሌላው ጎታች ኃይል፣ በኪሉ ጫፍ ላይ ውኃው ከከፍተኛ ግፊት ወገን ወደ ዝቅተኛው ሲጠቀለል የሚፈጠረው፣ ንቅንቅ አይልም፤ በሁለቱም ኪሎች 16 ኒውተን ገደማ ነው። ይህ ጎታች ኃይል የሚወሰነው በኪሉ ጥልቀት እንጂ በወርዱ አይደለም። ጥልቀቱን በእጥፍ ብናሳድግ ወደ ሩብ ይወርዳል። የጀልባ ነዳፊዎች ስለ ጥልቀት ሲነሣ እንደ መሬት ይገባኛል ክርክር የሚሟገቱት ለዚህ ነው።

ታዲያ ጠባቡ ኪል ምን ይጎድለዋል? በሙሉ ፍጥነት 8 ዲግሪ ይንሸራተታል፤ ይህም ይሁን። ችግሩ የሚመጣው ጀልባው አቅጣጫ ለመለወጥ ከዞረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፍጥነቱ ይወድቃል፣ የውኃው ግፊት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ይወድቃል። በሰከንድ 1.7 ሜትር ላይ ሰፊው ኪል 10 ዲግሪ ገደማ ተንሸራትቶ ነገሩን ይወጣዋል። ጠባቡ ግን ከዚህ ዐይነት ክንፍ ከሚጠበቀው ከፍተኛ አቅም እጅግ የሚበልጥ ይጠየቃል፤ ውኃው ከገጹ ይለቀቅና ጀልባው እንደ ሣጥን ወደ ጎን ይነዳል። ከሞገድ ጋር እየታገለ ብቻውን ለሚዞር ሰው በየዙሩ እንዲህ መሆን አድካሚ ነው። ወርዱ 45 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጸና።

ጥልቀት በደንብ ሲታሰር ነዳፊዎች ምን እንደሚያደርጉ ለማየት እ.ኤ.አ. የ1983ቱን የአሜሪካ ዋንጫ ማስታወስ ይበቃል። የአውስትራሊያው ቤን ሌክሰን «አውስትራሊያ 2» በተባለችው ጀልባ ኪል ጫፍ ላይ ሁለት ትንንሽ ክንፎች ቀጠለ፤ ኪሉንም ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ አድርጎ እርሳሱን ወደ ታች አወረደው። ጀልባዋ በኒውፖርት 4 ለ 3 አሸንፋ ለ132 ዓመታት ከአሜሪካ ያልወጣውን ዋንጫ ወሰደች። ከውድድሩ በፊት ኪሉ በሸራ ተከልሎ ይጠበቅ ነበር።

ሦስት መቶ ኪሎ እርሳስ

የኪሉ ሁለተኛ ሥራ ጀልባውን ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ1628 የስዊድን ንጉሥ የጦር መርከብ ቫሳ በስቶክሆልም ወደብ የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀምራ 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ሄዳ ሰጠመች። ከዚያ በፊት 30 ሰዎች ከጎን ወደ ጎን እንዲሮጡ ተደርጎ ተፈትና ነበር፤ መርከቧ ክፉኛ ስለ ተወዛወዘች ሙከራው ተቋረጠ፣ ጉዞው ግን አልተቋረጠም። ሚዛን ከላይ ከበዛ ከታች የሚመልሰው ነገር ሊኖር ይገባል።

ጎረቤታችን በኪሉ ጫፍ ላይ 300 ኪሎግራም ለመስቀል ወሰነ። ለምን እርሳስ? የእርሳስ እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 11,340 ኪሎግራም ነው፤ 300 ኪሎው 26.5 ሊትር ብቻ ይሆናል። ከቀለጠ ብረት ቢሠራ ወደ 42 ሊትር ይፈልግ ነበር፤ ውኃ የሚዳስሰው ገጹም በ35 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከዚህ በላይ ግን ለጋራዥ ሠራተኛ ወሳኙ ነገር የማቅለጫው ሙቀት ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። 300 ኪሎውን ከክፍል ሙቀት አንሥቶ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ጉልበት 19 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው፤ ብክነት ባይኖር ከአንድ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ደረቅ እንጨት ይበቃው ነበር። በተግባር የፈጀው ብዙ እጥፍ መሆኑን በዐይናችን አይተናል።

ማቅለጡ ቀላል ነው ማለት ግን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። የእርሳስ ትነትና አቧራ መርዝ ነው፤ ሥራው በገላጣ ስፍራ፣ በትክክለኛ ጭንብል፣ ሕፃናት በሌሉበት መሠራት አለበት። የአሮጌ ባትሪ ሰሌዳዎችን ማቅለጥ ደግሞ ከቶ አይገባም፤ በውስጣቸው ያሉት ሌሎች ንጥረ ነገሮች ይበልጥ መርዛማ ጋዝ ይሰጣሉ። ሁለተኛው አደጋ ውኃ ነው። በጀሶ በተሠራው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ጥቂት እርጥበት ቢቀር፣ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 ጊዜ ያህል ስለሚሰፋ የቀለጠውን እርሳስ ወደ ሰው ይረጨዋል። ጎረቤታችን ጀሶውን ለሦስት ሳምንታት በምድጃ አጠገብ አደረቀው። በሚያፈስበት ቀን ሚስቱ ልጆቻቸውን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች።

አንዳንድ ጀልባዎች እርሳሱን በዚሁ ቦታ አይተዉትም። ሚሼል ዴጆዮ እ.ኤ.አ. ለ1991ዱ ሚኒ ትራንሳት ራሱ ባዘጋጀው ጀልባ ላይ ወደ ጎን የሚዘዋወር ኪል ይዞ ቀረበ። ኪሉ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን በ40 ዲግሪ ሲወጣ፣ ጀልባው 20 ዲግሪ ባዘነበለበት ጊዜ የእርሳሱ የመመለሻ ጥምዘት ከቀጥተኛው ኪል ሁለት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ዋጋው ግን አለ። ይህን ያህል የተጋደመ ኪል የጎን ኃይል ለመያዝ ስለማይመች ሌሎች ተነቃናቂ ክንፎች መጨመር ግድ ይላል፤ በውቅያኖስ መካከል ሊሰበር የሚችል ማጠፊያም ይመጣል። ጎረቤታችን «እኔ አናጢ ነኝ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር አልወድም» ብሎ ተወው።

«ውፍረቱ ስንት ነው?»

አሁን ወደምናፍርበት ክፍል ደርሰናል። ለሁለት ወራት የውኃውን ፍሰት ስናሰላ፣ የኪሉን ቅርጽ በግማሽ ሚሊ ሜትር ስንስል ቆየን። ሥዕሉን ጨርሰን በኩራት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ሳለ፣ በመርከብ መሥሪያ ቦታ ዕድሜውን የፈጀ ጡረታ የወጣ በያጅ የጎረቤታችንን መላጊያ ሊዋስ ገባ። ሥዕሉን ቆሞ አየው። ስለ ናካ ምንም አልጠየቀም። «በውስጡ ያለው ብረት ውፍረቱ ስንት ነው?» አለ።

በውስጡ ያለው ብረት 20 ሴንቲ ሜትር ወርድና 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነበር፤ ጎረቤታችን አስቀድሞ ገዝቶታል። በዙሪያው እንጨት ተለጥፎ ቅርጹ ይወጣል፤ ሸክሙን የሚሸከመው ግን ብረቱ ነው። እኛም ይህን ብረት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰላነውም ነበር። ሽማግሌው «ጀልባው በጎኑ ሲተኛ አስቡት» ብሎ መላጊያውን ይዞ ወጣ።

ያን ምሽት አሰብነው። በኃይለኛ ሞገድ የተመታ ጀልባ በጎኑ ሊተኛ፣ ኪሉም አግድም ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ 300 ኪሎው ከሆዱ 1.3 ሜትር ርቆ እንደ ተንጠለጠለ ሸክም ይሆናል። የብረቱን የራሱን ክብደት ጨምረን በኪሉ ሥር ያለው ጥምዘት 4,100 ኒውተን-ሜትር ያህል ሆነ። በ20 ሚሊ ሜትሩ ብረት ላይ የሚያሳርፈው ውጥረት 307 ሜጋፓስካል ነው። ተራ ብረት በ235 ሜጋፓስካል ላይ እስከ ወዲያኛው ይታጠፋል። ወረቀቱን እንደገና አገላብጠን አሰላን፤ መልሱ አልተለወጠም። ጀልባው አንድ ጊዜ በጎኑ ቢተኛ ኪሉ ጎብጦ ይቀር ነበር።

በጎኑ ባይተኛስ? ይህ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጉዳቱ አይታይምና። በሞገድ ላይ ጀልባው ከ10 እስከ 30 ዲግሪ እየተወዛወዘ ቢሄድ በኪሉ ሥር ያለው ውጥረት በእያንዳንዱ ውዝዋዜ 100 ሜጋፓስካል ይወጣል፣ ይወርዳል። በየአራት ሰከንዱ አንድ ጊዜ ብንል በቀን 21,600 ጊዜ ነው። ብረቱ ከመሠረት ሰሌዳው ጋር የሚያያዘው በብየዳ ነው፤ ብየዳ ደግሞ እንደ ሙሉ ብረት አይታገሥም። በተለመደው የመሐንዲሶች ስሌት እንዲህ ያለ ብየዳ 71 ሜጋፓስካል የሚደርስ የውጥረት ልዩነትን ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ይችላል፤ ልዩነቱ ሲጨምር ዕድሜው በኩቡ ልክ ያጥራል። በ100 ሜጋፓስካል 700,000 ጊዜ ገደማ ይቀራል፤ ይህም 32 ቀን ነው። ጎረቤታችን ለመሻገር ያቀደው በአራት ሳምንት ነበር። የባሕር ውኃው ዝገትና ከድንጋይ ጋር መጋጨት በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚታይ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1985 በፋስትኔት ውድድር ላይ ድረም የተባለችው ትልቅ ጀልባ ኪሏ ተቆርጦ ወደቀና ተገለበጠች፤ በላይዋ የነበሩት 24 ሰዎች ጠረፍ ቅርብ ስለነበረ ዳኑ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2014 ቺኪ ራፊኪ ከአንቲጓ ወደ እንግሊዝ ስትመለስ በአትላንቲክ መካከል ኪሏ ተለየ። አራቱም መርከበኞች አልተገኙም። የብሪታንያ መርማሪዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች መካከል ቀደም ሲል መሬት መንካቷና መጠገኗ የኪሉን መያዣ አድክመውት ሊሆን እንደሚችል ይገኝበታል።

መፍትሔው በትምህርት ቤት የተማርነው ነው፤ የጠፍጣፋ ብረት ጥንካሬ በውፍረቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ብረቱ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን በጎኑ በተኛ ጀልባ ላይ ውጥረቱ ወደ 140 ሜጋፓስካል ይወርዳል፤ በሞገድ ያለው የውጥረት ልዩነት 46 ሜጋፓስካል ይሆናል፤ የብየዳውም ዕድሜ ከ32 ቀን ወደ 11 ወር ያለማቋረጥ ጉዞ ይረዝማል። 30 ሚሊ ሜትር 54 ሚሊ ሜትር በሚወፍረው ቅርጽ ውስጥ በቀላሉ ይገባል። የሚከፈለው 20 ኪሎግራም ተጨማሪ ክብደት ነው። በማግስቱ ይህን ስንነግረው ጎረቤታችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ በጀልባው ላይ ከማንኪያው እጀታ ሳይቀር ክብደት ሲቀርፍ የኖረ ሰው ነበርና። ከዚያም ወደ ጋራዡ ገብቶ የተገዛውን ብረት አውጥቶ ከአጥሩ ሥር አጋደመው። በኋላ የአትክልቱ መደብ ጠርዝ ሆኗል።

አዲሱ ኪል ሲያልቅ ከጀልባው ጋር ከመታሰሩ በፊት በጋራዡ ወለል ላይ ፈተንነው። በኮንክሪት ምሰሶ ላይ በቡሎን አግድም አስረን እርሳሱን በጫፉ ላይ ሰቀልን። በስሌቱ መሠረት ጫፉ 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት ነበረበት፤ አሮጌው ብረት ቢሆን 83 ሚሊ ሜትር ይሆን ነበር። በያጁም ተጠርቶ መጥቶ ነበር። ጎረቤታችን ተንበርክኮ በማስመሪያ ለካና «ሃያ ሰባት» አለ። ሁለቱ ሚሊ ሜትር ከየት መጡ ብለን ስንከራከር፣ ሽማግሌው የመፍቻ ቁልፍ አንሥቶ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ይፈትሽ ጀመር። ሦስተኛው ሩብ ዙር ያህል ዞረለት። እንደገና ስንለካ 25 ተኩል ሆነ።